ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላለ ልጅዎ አዲስ ልብ ወለድ እንዴት ይመርጣሉ? በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በምሠራበት የኤለመንተሪ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በየዓመቱ የማየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ወላጅ ከሥራ ሰዓቱ ቆርሶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ሽፋኑ ላይ የወርቅ ማኅተም ያለበትን አዲስ ልብ ወለድ ገዝቶ ለልጁ ይሰጣል፤ ከአንድ ወር በኋላ መጽሐፉ 14ኛው ገጽ ላይ ዕልባት እንደገባበት ከአልጋ ሥር ይገኛል። ወላጁም «ልጄ ማንበብ አይወድም» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ ያለው ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ስለ ልጁ መታሰብ የሚጀመረው መጽሐፉ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነውና።

የሚከተሉት ደረጃዎች ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች ወላጆች የተጻፉ ናቸው። የእንግሊዝኛ ንባብዎ ከልጅዎ ያነሰ ቢሆን እንኳ ሊከተሏቸው ይችላሉ፤ አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ አማርኛዎ እንዲያውም እንደሚያግዝዎ ያያሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

በመጀመሪያ በልጅዎ ስም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያውጡ። ካርዱ ለአካባቢው ነዋሪ ነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወላጅ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል። በእርስዎ ካርድ መዋስም ይቻላል፤ ነገር ግን ልጁ የራሱ ካርድ ሲኖረው የተዋሳቸውና ተራ የያዘባቸው መጻሕፍት ከእርስዎ ጋር አይቀላቀሉም፤ የራሱ መሆናቸውንም ያውቃል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት በልጆች መጻሕፍት ላይ የመዘግየት ቅጣት አስቀርተዋል፤ ለጠፋ መጽሐፍ ግን ዋጋውን ያስከፍላሉ። ካርዱን ሲያወጡ ሁለቱንም ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሊቢ የሚባለውን መተግበሪያ በስልክዎ ላይ ጭነው የካርዱን ቁጥር ያስገቡ። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትንና በድምፅ የተተረኩ መጻሕፍትን ያለ ክፍያ ያገኙበታል። ከዚያ አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና ሁለት ሳምንት ይመድቡ። ለነገ ልደት መጽሐፍ የሚፈልጉ ከሆነ ይህ መመሪያ አያደርስዎትም፤ የመጻሕፍት መደብር የስጦታ ካርድ ይግዙና ልጁ ራሱ ይምረጥ።

ሁለቱን ቃላት አያምታቱ

«ሚድል ግሬድ» እና «ሚድል ስኩል» የተለያዩ ናቸው። ሚድል ስኩል አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሲሆን ሚድል ግሬድ ደግሞ አሳታሚዎች በግምት ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ለሚያወጡት ልብ ወለድ የሰጡት ስያሜ ነው። ስለዚህ የአራተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ሚድል ግሬድ ተብሎ ቢያዩት «ገና አልደረሰም» ብለው አይመልሱት። ከእርሱ በታች «ቻፕተር ቡክ» የሚባሉት አሉ፤ ፊደላቸው ትልቅ፣ ምዕራፋቸው አጭር፣ ሥዕላቸው ብዙ ነው፤ በጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሺህ ቃላት አያልፉም። የተለመደው የሚድል ግሬድ ልብ ወለድ ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ቃላት ይሆናል፤ የምናባዊ ዓለም ታሪኮች ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ብዙ ልጆች ሦስተኛ ክፍል ላይ የሚደናቀፉት ከመጀመሪያው ዓይነት ወደ ሁለተኛው በአንድ እርምጃ እንዲዘሉ ስለሚደረግ ነው።

በመደርደሪያ ላይ ለመለየት የመጽሐፉን ጀርባ ይመልከቱ። በአብዛኞቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ልብ ወለድ «ጄ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይለጠፍበታል፤ «ዋይ ኤ» የሚለው የወጣቶች ክፍል ነው፤ ወደዚያ አይሂዱ። በመደብር ከሆነ የሽፋኑን የውስጥ እጥፋት ወይም የኋላ ሽፋኑን ያንብቡ፤ «ከ8 እስከ 12» ይላል። «ከ10 ዓመት በላይ» የሚል ካገኙ ያው ሚድል ግሬድ ቢሆንም ለስምንት ዓመት ልጅ ሊከብድ ስለሚችል አራተኛውን ደረጃ በጥንቃቄ ይፈጽሙበት።

ደረጃ 1፦ የልጁን ያለፈ ንባብ ይመዝግቡ

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ «አላውቅም» ነው፤ እውነቱንም ነው። በምትኩ መኪና ውስጥ ወይም እራት ላይ፣ እንደ ጨዋታ፣ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሳያቋርጥ የጨረሰው የመጨረሻው መጽሐፍ የትኛው ነበር? ጀምሮ የተወውስ? የተወው የት ላይ ሲደርስ ነው? ለጓደኛው ያወራለት ታሪክ አለ? መልሱን በእንግሊዝኛ ቢሰጥዎ አያርሙት፤ ይህ የአማርኛ ትምህርት ሰዓት አይደለም።

ሲመልስ ከርዕሱ ይልቅ የአነጋገሩን መንገድ ያዳምጡ። ናንሲ ፐርል የተባሉት ታዋቂ የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ይላሉ፦ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ቦታውና ቋንቋው። ልጅዎ «ከዚያ እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ…» እያለ ከተረከ በሩ ታሪኩ ነው፤ አጫጭር ምዕራፎችና ፈጣን ክንውን ይፈልጋል። «እሷ እኮ ጓደኛዋን እንደዚያ ማለት አልነበረባትም» ካለ በሩ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የትምህርት ቤትና የጓደኝነት ታሪክ ይስማማዋል። ካርታ ከሣለልዎ፣ የዚያን ዓለም ሕግ ካስረዳዎ ቦታው ነው። ቀልዱን ቃል በቃል ከደገመልዎ ደግሞ ቋንቋው ነው፤ የዚህ ዓይነቱን ልጅ ወላጆች ብዙ ጊዜ «ቁም ነገር አያነብም» ብለው ሲያማርሩበት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ለማስነበብ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሥዕል የሚተረኩ ልብ ወለዶችን፣ ማለትም ግራፊክ ኖቭሎችን፣ ከዝርዝሩ አይሰርዙ። ልጁ ሦስት ጊዜ የደጋገመው ግራፊክ ኖቭል ስለ ምርጫው የሚነግርዎ ነገር አስተማሪው አዝዞት ካነበበው መጽሐፍ ይበልጣል።

«ምንም ጨርሼ አላውቅም» ካለ የሚያየውን ካርቱንና የሚጫወተውን ጌም ይመዝግቡ፤ አራቱ በሮች እዚያም ይሠራሉ።

ደረጃ 2፦ የንባብ አቅሙን ይለኩ

ከትምህርት ቤት የሚመጣው ሪፖርት ላይ ከሦስቱ አንዱን ዓይነት መለኪያ ያገኛሉ። ሌክሳይል በቁጥር ነው፤ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ከ740 እስከ 1010 ያለው ክልል፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ደግሞ ከ420 እስከ 820 ያለው ክልል በተለምዶ ይሠራበታል። ፋውንታስና ፒኔል የሚባለው ከኤ እስከ ዚ ባሉ ፊደላት ይለካል። አክሰለሬትድ ሪደር 4.5 ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ አራተኛ ክፍል አምስተኛ ወር ማለት ነው።

ከቁጥሩ ብዙ አይጠብቁ። ሌክሳይል በዋናነት የሚለካው የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የቃላቱን ተዘውታሪነት ነው፤ ስለ ታሪኩ ይዘት፣ ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ብስለቱ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚህም የተነሣ ለአዋቂዎች የተጻፈ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተዋቀረ ልብ ወለድ ለአራተኛ ክፍል የሚሆን ቁጥር ሊይዝ ይችላል። በግጥም መልክ የተጻፉ አንዳንድ ልብ ወለዶች ደግሞ ከቁጥር ይልቅ «ኤንፒ» (ስድ ንባብ ያልሆነ) የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣቸዋል። ዋናው ችግር ግን አዲስ የወጣ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ገና ያልተለካ መሆኑ ነው፤ ቁጥር ስላጡለት ብቻ አይተዉት።

ለዚህ መፍትሔው የአምስት ጣት ፈተና ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. መጽሐፉን መሐል ላይ ይክፈቱና በጽሑፍ የተሞላ ገጽ ይምረጡ። የመጀመሪያውን ገጽ አይጠቀሙ፤ ደራሲውም አሳታሚውም አብዝተው የደከሙበት ገጽ ስለሆነ የቀረውን አይወክልም።
2. ልጁ ገጹን ያንብብ፤ ትርጉሙን የማያውቀው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ያንሣ። ጣት የሚያነሣው እርሱ ነው፤ እርስዎ አይቆጥሩበት።
3. የሰውና የቦታ ስም፣ የተፈጠረ አውሬ ስም አይቆጠርም።
4. ጣት ከሌለ ወይም አንድ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ ሁለትና ሦስት ተስማሚ፤ አራት ከሆነ አብራችሁ የምታነቡት፤ አምስት ከሆነ ለጊዜው የሚቆይ ነው።

ልጁ ጣት ለማንሣት ቢያፍር (ታላቅ ወንድም ወይም እህት አጠገቡ ካለ ያፍራል) ለብቻው ያድርጉት፤ ከዚያም «እዚህ ገጽ ላይ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁት። መናገር ካቃተው ጣቶቹ ዋሽተዋል።

ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በቅርብ ለመጣና እንግሊዝኛን ገና በመልመድ ላይ ላለ የአሥር ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ አይስጡት፤ ክፍል ውስጥ ይሣቅበታል። ለትልልቅ ልጆች ተስማሚ ሆነው ቋንቋቸው የቀለለ መጻሕፍት የሌክሳይል ቁጥራቸው «ኤችኤል» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ እነርሱን ይፈልጉ። ሌላው አማራጭ የታተመውን መጽሐፍ ይዞ በጣት እየተከተለ የድምፅ ቅጂውን ማዳመጥ ነው።

ደረጃ 3፦ አሥር ርዕሶችን ይሰብስቡ

«አዲስ» ስል ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡትን ማለቴ ነው። ወላጅ ከራሱ ትምህርት ቤት ዘመን የሚያስታውሰው መጽሐፍ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቹ የሚያወሩለት መጽሐፍ ልጁን የበለጠ ይስበዋል። በአሜሪካ አዳዲስ መጻሕፍት በአብዛኛው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው የሚወጡት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግም ገና የታዘዙትን ቀደም ብሎ ስለሚያሳይ ተራ መያዝ የሚሻለው ከመውጣታቸው በፊት ነው።

የመጀመሪያ ምንጭዎ ልጆች ራሳቸው ድምፅ የሚሰጡባቸው የየክፍለ ግዛቱ ሽልማቶች ይሁኑ። በሜሪላንድ ብላክ አይድ ሱዛን፣ በቨርጂንያ ሪደርስ ቾይስ፣ በቴክሳስ ብሉቦኔት፣ በፍሎሪዳ ሰንሻይን ስቴት የሚባሉት በየዓመቱ የዕጩዎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ዝርዝሩ በክፍል ደረጃ የተለየ ነው። ቴክሳስ ለምሳሌ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው የሚያዘጋጀው። ዕጩዎቹን የሚመርጡት አዋቂዎች ቢሆኑም የማይነበብ መጽሐፍ እዚያ ለመግባት ይቸገራል።

ሁለተኛው ምንጭ በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥር አጋማሽ ወይም መጨረሻ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የሚያውጃቸው ሽልማቶች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የሚሰጠው ኒውበሪና ለአፍሪካ አሜሪካውያን ደራስያንና ሠዓልያን የሚሰጠው ኮሬታ ስኮት ኪንግ ከሁሉ ይታወቃሉ። በኒውበሪ አሸናፊ ሽፋን ላይ የሚለጠፈው የወርቅ ማኅተም ግን ወላጆችን በጣም ያሳስታል፤ ኒውበሪ እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የተጻፉትን ሁሉ የሚያካትት ስለሆነ የዓመቱ አሸናፊ ለዘጠኝ ዓመት ልጅዎ ጨርሶ ላይሆን ይችላል። ኮሬታ ስኮት ኪንግም ከሥዕል መጽሐፍ እስከ ወጣቶች ልብ ወለድ ያለውን ይሸልማል።

ሦስተኛው ባለሙያዎች የሚጽፏቸው አጫጭር ግምገማዎች ናቸው። ስኩል ላይብረሪ ጆርናል ለስንተኛ ክፍል እንደሚሆን ግምገማው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ከርከስ ዕድሜውን መጨረሻ ላይ ይጽፋል። ሙሉውን ማንበብ ካስቸገረዎ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ብቻ ይመልከቱ። በትምህርት ቤት የመጻሕፍት ባዛርና በመደብር መግቢያ ላይ የተደረደረው ግን ሊሸጥ የተፈለገው ነው፤ ከዚያ ርዕስ ይውሰዱ እንጂ እዚያው አይግዙ።

አራተኛው የልጆች ክፍል ሠራተኛው ነው። «ለአራተኛ ክፍል ጥሩ መጽሐፍ» ብለው ከጠየቁ ለሁሉም የሚሰጠውን ያገኛሉ። ደብተርዎን ይዘው፣ ልጁ የጨረሰውን አንድ መጽሐፍ፣ የተወውን አንድ መጽሐፍና የተወበትን ምክንያት ይንገሩት፤ ከዚያም ባለፈው ዓመት ከወጡት ሦስት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ከሆነ በእ.ኤ.አ. 2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ ተቋማት በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ስለሚጠበቅባቸው ቋንቋ አያግድዎ።

ደረጃ 4፦ አሥሩን ወደ ሦስት ይቀንሱ

ይህን ደረጃ የዘለለ ወላጅ ነው በመጽሐፉ መሐል «ይህን ማን ሰጠህ?» ብሎ የሚነጥቀው። ሳይነበብ የሚመከር መጽሐፍ ሳይቀመስ እንደሚቀርብ ወጥ ነው። ሙሉውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች፣ ከመሐል አንድ ምዕራፍና የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብቡ ወይም የድምፅ ቅጂውን ሥራ ላይ ሆነው ያዳምጡ።

መጀመሪያ ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮችን ያጣሩ። አንደኛ፣ መጽሐፉ የተከታታይ ክፍል መሆን አለመሆኑን ይወቁ፤ በአዳዲስ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ የተከታታዩ አራተኛ ቅጽ ነው፤ ልጁ ከመሐል ይጀምርና ይጠፋበታል። በጀርባው ላይ ቁጥር ከሌለ ከርዕሱ ገጽ ፊት ያለውን «የዚሁ ደራሲ ሌሎች ሥራዎች» የሚለውን ዝርዝር ያንብቡ። ሁለተኛ፣ አዲስ ሽፋን የለበሰ አሮጌ መጽሐፍ እንዳይሆን የመብት ገጹን ይመልከቱ፤ ከአንድ በላይ ዓመተ ምሕረት ካለ የቀደመው እውነተኛ ዕድሜውን ይነግርዎታል።

ከዚያ ወደ ይዘቱ ይሂዱ። የዘመኑ ሚድል ግሬድ ልብ ወለድ የወላጅን ሞት፣ ፍቺን፣ የትምህርት ቤት ጉልበተኛን፣ ዘረኝነትን፣ ስደትን በግልጽ ይጽፋል፤ የአምስተኛ ክፍል ልጆች «መውደድ» የሚባለውንም ይነካል። እነዚህን ያዘለውን ሁሉ አይጣሉ፤ ያን ካደረጉ ከአሥሩ አንድ አይተርፍዎም። የሚያስፈልገው አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ በቅርቡ ሐዘን ከነበረ የሟች አያት ታሪክ ለጊዜው ይቆይ። አስማትና ጠንቋይ ያለበትን መጽሐፍ በሃይማኖት ምክንያት የማይፈልጉ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ ልጁ እጅ ከመግባቱ በፊት ይወስኑ። ግማሽ ላይ የተነጠቀ መጽሐፍ በጓደኛ ቤት ተደብቆ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚያነበው ነገር አይነግርዎትም።

አንድ ነገር በተለይ ላንሣ። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፍ ለልጅ መስተዋትም መስኮትም ሊሆን እንደሚገባ ጽፈዋል፤ ራሱንም ሌላውንም እንዲያይበት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያዊ ወይም ምሥራቅ አፍሪካዊ ልጅ ያለበትን ልብ ወለድ መፈለግ ተገቢ ነው። ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ። ታሪኩ ረኃብንና ጦርነትን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተወለደ ልጅ መስተዋት አይሆነውም፤ እንዲያውም ክፍል ውስጥ እርሱን የሚያሳፍር ጥያቄ ያመጣበታል። በተጨማሪም «ይህ ስለ አገርህ ነው» ብለው ሲሰጡት መጽሐፉ የቤት ሥራ ይሆንበታል። ከሦስቱ አንዱ መስተዋት ይሁን፤ ስለ አገሩ መሆኑን ራሱ ያግኘው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት እንዲህ ይደልደሉ፦ አንዱ ልጁ ከጨረሰው ጋር በጣም የሚቀራረብ፣ አንዱ በዚያው በር የሚገባ ግን ጉዳዩ የተለየ፣ አንዱ ጨርሶ ያልሞከረው ዓይነት።

ደረጃ 5፦ መጽሐፉን ያቅርቡ

ሦስቱን መጻሕፍት ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። እሑድ ማታ የቤት ሥራ ሰዓት ስለሆነ አያመችም። ስለ እያንዳንዱ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ይናገሩ፤ በአማርኛ ይናገሩ። ተረት ሲነገር እንዳደጉበት፣ ችግሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አድርሰው ያቁሙ። ለማሳያ እኔ ከፈጠርሁት ታሪክ አንዱን ልስጥዎ፦

«አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከቤተሰቧ ጋር አሮጌ ቤት ተከራይተው ገቡ። ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ የሚሰማት ለእርሷ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግድግዳውን ቦርቡራ ስልኩን ስታነሣው፣ የሚያናግራት ሰውዬ ስሟን ያውቃል።»

እዚህ ላይ ዝም ይበሉ። «ከዚያስ?» ካለዎ «እኔም እዚያ ድረስ ነው ያነበብሁት» ይበሉት፤ አራተኛውን ደረጃ በሚገባ ከፈጸሙ ግን መጨረሻውን እያወቁ ነውና «አልነግርህም» ማለቱ የበለጠ እውነት ነው።

የማይባሉ ነገሮች አሉ። «እንግሊዝኛህን ያሻሽልልሃል» አይበሉ። «ያክስትህ ልጅ በሁለት ቀን ጨረሰችው» አይበሉ። «ስንት ብር እንዳወጣሁበት ታውቃለህ?» አይበሉ፤ ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት መዋስ የሚሻለው። ተናግረው ሲጨርሱ ከክፍሉ ይውጡ። ልጅ መጽሐፍ የሚከፍተው ሰው እያየው ሳለ አይደለም።

ሦስቱንም ቢገፋስ? አይከራከሩ። ምክንያቱን ብቻ ይጠይቁና ይመዝግቡ፤ «ሽፋኑ ያስጠላል» ሙሉ ምክንያት ነው። መጻሕፍቱን ለአንድ ሳምንት እዚያው ይተዉ፤ ከማየት ብዛት የሚነሡ አሉ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ያሻግሩ

ናንሲ ፐርል አንባቢ 50 ገጽ ሞክሮ ካልጣመው መጽሐፉን እንዲተው ይመክራሉ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ 50 ገጽ ረጅም ነው፤ እኔ ሦስት ምዕራፍ እላለሁ። ይህን ውል ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት፦ ሦስት ምዕራፍ አንብቦ ቢተወው ማንም አይቆጣውም። መተው እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመጀመር አይፈራም።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ አብራችሁ ያንብቡ። እርስዎ አንድ ገጽ፣ እርሱ አንድ ገጽ ማድረግ ይቻላል፤ አነባበብዎን ቢያርምዎ ደስ ይበልዎ። ረጅም መንገድ ካለባችሁ የድምፅ ቅጂውን መኪና ውስጥ ይክፈቱና ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ቤት ይድረሱ። ከዚያ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ «ምን ተማርህ?» ብለው አይፈትኑት።

በቀን ቆጠራ ይጠንቀቁ። አዲስ መጽሐፍ ሌላ ሰው ተራ ከያዘበት የውሰት ጊዜውን ማደስ አይቻልም፤ ልጁ መሐል ላይ ሳለ ይወሰድበታል። የመመለሻው ቀን አምስት ቀን ሲቀረው ካላለቀ በሊቢ ላይ የኤሌክትሮኒክ ቅጂውን ይፈልጉ። ሊቢ ላይ ተራዎ ሌላ መጽሐፍ እየተነበበ ሳለ ከደረሰ «ቆይቶ ይድረሰኝ» የሚለውን ምርጫ ይጫኑ፤ ቦታዎን ሳያጡ ይዘገያል። መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ ከሌለ ደግሞ የግዢ ጥያቄ የሚቀርብበትን ቅጽ ይሙሉ፤ ብዙዎቹ ይቀበላሉ።

ደረጃ 7፦ ሲጨርስ

ደብተሩ ላይ ርዕሱንና ቀኑን ይጻፉ፤ ከተቻለ ልጁ ራሱ ይጻፍ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህን ለማን ትሰጠዋለህ?» መልሱ መጽሐፉን ምን ያህል እንደገባው ከማንኛውም የፈተና ጥያቄ በላይ ያሳያል። «ለዳንኤል፣ እሱም ወንድሙ ያናድደዋል» ያለ ልጅ ቀጣዩን መጽሐፍ እንዴት እንደምትመርጡ አስታውቋል።

ሳይሳካ ሲቀር

*ሁልጊዜ 20ኛው ገጽ አካባቢ ይተዋል።* የተዋቸውን የሦስቱን መጻሕፍት መጀመሪያ ያስተያዩ። ብዙ ገጸ ባሕርያት በአንድ ጊዜ የሚገቡባቸው ከሆኑ በወረቀት ላይ የስም ዝርዝር ይሥሩለት፤ ገለጻ የበዛባቸው ከሆኑ በንግግር የሚጀምሩ መጻሕፍትን ይምረጡ።

*ግራፊክ ኖቭል ብቻ ያነባል።* አይከልክሉ። በግማሽ ሥዕል በግማሽ ጽሑፍ የተዘጋጁ ልብ ወለዶች አሉ፤ ቀጣዩ እርምጃ እነርሱ ናቸው።

*አንድ ተከታታይ ላይ ተጣብቋል።* እስኪጨርሰው ይተዉት። የመጨረሻው ቅጽ ሲቃረብ ግን ተመሳሳይ በር ያለውን አዲስ መጽሐፍ ያዘጋጁ፤ ባዶ ሳምንት ከተፈጠረ ስልኩ ይሞላዋል።

*የታላቅ እህቱን የወጣቶች መጽሐፍ ይዟል።* ሳይነጥቁ እርስዎም ያንብቡት፤ ያስጨነቀዎትን ክፍል አንሥተው ያነጋግሩት። ብዙ ጊዜ የፈለገው የእህቱን ዓለም እንጂ መጽሐፉን አይደለም።

*አስተማሪው ከደረጃው ውጭ እንዳያነብ ከልክሏል።* ደረጃው የሚሠራው ለክፍል ንባብ መሆኑን በትሕትና ይጠይቁ፤ በቤት የሚነበበው ላይ ገደብ እንዳይኖር ይስማሙ።

*«ጨረስሁ» ይላል፤ ታሪኩን ግን መናገር አይችልም፤ በተደጋጋሚም ይሆናል።* ይህንን ከመጽሐፍ ምርጫ ጋር አያያይዙት። ሲያነብ መስመር የሚስተው፣ ዓይኑን የሚያሸው፣ ራሱን የሚያመው ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን ያስመርምሩ። ዓይኑ ደህና ሆኖ በሦስተኛ ክፍል ወይም ከዚያ በላይ ቃላትን አሁንም በግምት የሚያነብ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የንባብ ችግር እንዳለበት እንዲገመግምለት በጽሑፍ ይጠይቁ። የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ ይህን የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል፤ ግምገማው ከተፈቀደ ክፍያ የለውም። ጥያቄውን በቃል ብቻ አያቅርቡ፤ ቀኑን ጽፈው፣ ቅጂውን አስቀርተው ያስገቡ፤ ለስብሰባው አስተርጓሚ እንዲዘጋጅልዎም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ልብ ወለዱን በድምፅ ያዳምጥ።